ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ

ጥቅምት ፬ ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ከማማረርና "ወንድሜ ከስቶ ይሆን?" እያለች ከመብሰልሰል በቀር ምንም አልሆነችም። ፈጣሪ ባሉበት አገር ጤናዎን ይስጥዎ፤ እጅዎንም ያበርታልዎ።

ለማስተማር ልምምድ የት እንደተመደብኩ ቢያውቁ አያምኑኝም። እርስዎ ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ነው። ይባስ ብሎ የደረሰኝ የጎረቤትዎ ክፍል ነው። "ጎረቤቴ" እያሉ ሲያወሩልን ያደግንባቸው፣ በእርስዎና በእሳቸው ክፍል መካከል አንድ ግድግዳ ብቻ የነበረው፣ እኚያ መምህርት ማለቴ ነው። ገና በር ላይ ሳለሁ አፍጥጠው አዩኝና "አጎትሽን ግንባርሽ ላይ ይዘሽው መጥተሻል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስሜን የጠየቀኝ የለም፤ በትምህርት ቤቱ ሁሉ የጋሼ እህት ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

የኔ ቦታ የመጨረሻው ወንበር ነው፣ ከመጥረጊያውና በሩ ከተገነጠለው ቁምሳጥን አጠገብ። እስካሁን አላስተምርም፤ መናገርም አይፈቀድልኝም። ሥራዬ የክፍል ምልከታ ነው። ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ማስታወሻዬን ለኮሌጁ ተቆጣጣሪ አስረክባለሁ። ተቆጣጣሪያችን ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ያሉን ይህን ነው፦ "ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ። አስተያየታችሁን ማንም አልጠየቃችሁም።" እኔ ግን መች ሰማሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት "መምህርቷ ድንቅ ናቸው፣ ክፍሉ ደስ ይላል" ብዬ ገጹን ሞላሁት። ተቆጣጣሪው በቀይ አስምረው "ድንቅ ምን ይመስላል? ምን አየሽ?" ብለው መለሱልኝ። እውነትም ምን እንዳየሁ ሳስበው አንድም ነገር ትዝ አላለኝም። አፈርኩ።

የመምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዱ የሒሳብ መምህር "ጆሮ ጠቢዋ መጣች" አሉና ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የክፍሉ የግድግዳ ሰዓት ከቆመ ቆይቷል፤ ምልከታ ደግሞ ያለ ሰዓት አይሆንም። ሰው ካገኙ አንዲት ቀላል የእጅ ሰዓት ቢልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ትከሻዎ ላይ ያደገችው የእህትዎ ልጅ


ኅዳር ፱ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጆሮ ጠቢዋ፤

ሰላምታዬ እስከ እናትሽ ጉልበት ድረስ ይድረስ። ደብዳቤሽ ወር ያህል መንገድ ላይ ተንገላቶ ገባልኝ። ያነበብኩት በሥራ ቦታዬ፣ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ የአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። እዚህ ማሽኖቹ ሲጮኹ የጎንሽ ሰው አይሰማሽም፤ የምንግባባው በእጅና በዓይን ነው። አፍ ያለው ዲዳ ሆኜልሻለሁ።

ተቆጣጣሪሽ ትክክል ናቸው፤ ቅር አይበልሽ። "ሰነፍ ልጅ ነው" ካልሽ ልጁ አለቀለት። "ራሱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ተኛ" ካልሽ ግን ቁርስ ሳይበላ መጥቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፣ ምንም አታስቀሪ።

ጎረቤቴን በማግኘትሽ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም፤ ለእናትሽ ታወሪያለሽና። አንድ ነገር ግን ላጫውትሽ። ያ ግድግዳ ቀጭን ነበር። ጠመኔ ሲያልቅባት ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች፤ በልጅ አስይዤ እልክላታለሁ። ጠዋት ስገባ እኔ አንድ ጊዜ አንኳኳለሁ፤ እሷም ትመልስልኛለች። እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ መሆኑ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ አደርን። ከዚያ፣ ከአገር ልወጣ ባልኩበት ዓመት፣ መመለሷን ተወች። አንኳኳለሁ፣ ዝም። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ፈገግ ትላለች፣ ግድግዳው ግን ዝም። ምን እንዳስቀየምኳት ብጠይቃት ወግ ነበር። ኮራሁ መሰለኝ። እኔም ተውኩት። ለመሄድ ወረቀቱን የሞላሁት በዚያው ሰሞን ነው።

ጠይቂልኝ አልልሽም። እንዲያው ከማስታወሻሽ አንድ ገጽ ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ የአገሬን ክፍል ልይበት። ሰዓቱን ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

የሚያስብሽ አጎትሽ


ታኅሣሥ ፲፪ ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙ? እናቴ "ጉልበቴን በደብዳቤ ከሚስቅበት ምነው መጥቶ ባየው" ብላለች። እኔም የጎረቤትዎን ነገር አልነገርኳትም፤ ጆሮ ጠቢ ብባልም ወሬ አመላላሽ አይደለሁም።

የሒሳቡ መምህር ቀልድ ግን ውስጤ ቀርቷል። በእኔ እስክሪብቶ በሰው ላይ ነገር እንዲመጣ አልፈልግም፤ በተለይ በጎረቤትዎ። ስለዚህ ብልሃት ዘየድኩ። ወንበሬን ወደ ጥግ አዞርኩና የልጆቹን ነገር ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። መምህርቷ ግድ ካልሆነ በቀር ገጼ ላይ አይገቡም። ተቆጣጣሪው ይህን በጣም ወደዱት፤ "አሁን ማየት ጀመርሽ" አሉኝ። የጠየቁኝን ገጽ ይኸው፣ ቃል በቃል፦

"ከኋላ ያለ ልጅ መልስ ሊሰጥ ተነሣ። ከመናገሩ በፊት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። መለሰ። ፊት ወንበር ያለችው የክፍል አለቃ ወደ መምህርቷ ቀና ብላ መልሱን ቀስ አድርጋ ደገመችው። መምህርቷ 'ጎበዝ' አሉ፣ ወደ ልጁ እያዩ።

በሩ ተንኳኳ። ፊት ያሉት ልጆች አንድ ላይ ወደ በሩ ዞሩ። መምህርቷ ሄደው ከፈቱ።

ሁለት ልጆች ከኋላ ተጣሉ፣ አንዷ ጮኸች። መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። የክፍል አለቃዋ ተነሥታ የመምህርቷን እጅጌ ነካች።

ደወል ተደወለ። መምህርቷ እየጻፉ ነበር። ልጆቹ በሙሉ መጽሐፋቸውን አንድ ላይ በኃይል ዘጉ። መምህርቷ ዞር አሉና 'ተደውሏል፣ ውጡ' አሉ።"

እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ክፍል አይተው ያውቃሉ? እኔ ስማር መምህር ዞር ካለ ጠመኔ ነበር የምንወራወረው። ሁሉንም በየቀኑ እየመዘገብኩ ነው፤ በጥር አጋማሽ አስረክባለሁ።

የግድግዳውን ነገር ላንሣ። አሁን በእርስዎ ክፍል ያለው ወጣት መምህር አያንኳኳም፤ ለምን ብሎ። ጎረቤትዎ ግን ጠዋት ሲገቡ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ይቆማሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ያስቀምጣሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማስታወሻዬም ላይ አላስገባሁትም። ለእርስዎ ብቻ ነው የጻፍኩት።

የእህትዎ ልጅ


ጥር ፲፮ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታውን አንቺው ሙዪበት፣ እቸኩላለሁ።

ገጽሽ ትናንት ደረሰኝ። መጀመሪያ ሳነበው እንዳንቺው ተደሰትኩ። ከዚያ ዛሬ ማሽኑ ፊት ቆሜ ሳለሁ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ እጅጌዬን ነካኝ፤ ከኋላዬ ጋሪ እየመጣ ነበር፣ አልሰማሁም። ያን ጊዜ ገጽሽ ትዝ አለኝ። እዚህ የምንግባባው ልክ ልጆቹ እንደሚያደርጉት ነው።

እሷ አትሰማም። ልጆቹ ናቸው የሚሰሙላት።

ያን ማስታወሻ አታስረክቢ። ጠፋብኝ በዪ፣ ውሃ ፈሰሰበት በዪ፣ የፈለግሽውን በዪ። ከነጥብሽ ቢቀነስ ነጥብ ይመለሳል። ጡረታዋ ቅርብ ነው፤ ይህ ከታወቀ ግን አንድ ቀን አያሳድሯትም። ለሷ ማስተማር ምን እንደሆነ ነግሬሽ አይገባሽም፤ ሌላ ምንም የላትም።

ስልክ ልደውል ሄጄ ነበር። የማውቀው የትምህርት ቤቱ ቁጥር ተቀይሯል፤ እናንተ ቤት ደግሞ ስልክ የለም። ያለኝ ይሄ ወረቀት ብቻ ነው። ቶሎ ይድረስሽ እንጂ ምን እላለሁ።

አጎትሽ


ጥር ፳ ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

መቼም ደስታ ሰው ካልተካፈለው ያንቃል፤ መልስዎን ሳልጠብቅ ጻፍኩ። ማስታወሻዬን አስረከብኩ፤ ከክፍላችን አንደኛ ወጣሁ። ተቆጣጣሪው ለሌሎቹ ሰልጣኞች ጮክ ብለው አነበቡት። ያስቡት፣ እኚያ ፈገግታ የሚሰስቱ ሰው "ይህን ክፍል በዓይኔ ማየት አለብኝ" አሉ። ለርእሰ መምህሩም ሰጧቸው። ነገ ሁለቱም ከሰልጣኞቹ ጋር መጥተው ከኋላ ቆመው ትምህርቱን ሊከታተሉ ነው፤ ምሳሌ ይሆናል ተብሎ።

ለጎረቤትዎ ስነግራቸው ቀሚሳቸውን አስተካከሉና "እኔ አሮጊቷን ማን ሊያይ ነው" ብለው ሳቁ። ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ሰሌዳውን ራሳቸው ሁለት ጊዜ አጠቡት። እርስዎ ሩቅ ሆነው ጎረቤትዎን ያስከበርኩልዎ እኔ ነኝ እንግዲህ፤ ሰዓቷን አይርሱ።

የኮራችው የእህትዎ ልጅ


የካቲት ፳፫ ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ። የጥር አሥራ ስድስቱ ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሳነበው ፊቴን አይታ እናቴ "ማን ሞተ?" አለች። እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ ለመጻፍ ይህን ያህል የዘገየሁት እንዴት እንደምጀምረው ስላልገባኝ ነው። አስተያየት ሳልጨምር፣ እንደተማርኩት ልንገርዎ።

እንግዶቹ ገብተው ከኋላ ቆሙ። ርእሰ መምህሩ ክፍሉ እንዲያምር ብለው ልጆቹን እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ማንም ንቅንቅ እንዳይል አሏቸው። በክፋት አልነበረም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጎረቤትዎ ትምህርቱን ጀመሩ፣ ጥያቄ ጠየቁ። አንዱ ልጅ ከኋላ መለሰ፣ እጁ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሳቸው ሌላ ልጅ አዩና "ጎበዝ" አሉ። አንዱ ሰልጣኝ ሳቀ። የክፍል አለቃዋ ልትደግም አፏን ስትከፍት ርእሰ መምህሩ በጣታቸው ዝም አሰኟት።

ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ጎረቤትዎ ጀርባቸውን ሰጥተው እየጻፉ ነበር። ማንም መጽሐፉን አልዘጋም። ርእሰ መምህሩ ጠሯቸው። ደግመው ጠሯቸው። እሳቸው መስመሩን ጨረሱ፣ ሌላ መስመር ጀመሩ። ውጭ የሌላው ክፍል ልጆች እየተንጫጩ ያልፋሉ። የክፍል አለቃዋ አላስቻላትም፤ መጽሐፏን ብቻዋን ዘጋችና ማልቀስ ጀመረች። ጎረቤትዎ ዳስተር ሊያነሡ ዞር ሲሉ ነው የሁሉንም ፊት ያዩት።

እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ተነሥቼ እጅጌያቸውን መንካት እችል ነበር። አልተነሣሁም፤ የተመልካች ወግ ነው ብዬ ይሆን ደንግጬ፣ እንጃ።

ልጆቹን በኋላ ጠየቅኋቸው። ማን አስተማራችሁ ስላቸው "ያለፈው ዓመት ልጆች" አሉኝ። እነዚያንም ያስተማሯቸው ከእነሱ በፊት የነበሩት ናቸው። ክፍሉን ሲለቁ እንደ አደራ ያወርሳሉ፤ ለቤታቸው እንኳ አይናገሩም። ይህን ሁሉ ዓመት የደበቁትን እኔ በአንድ መንፈቅ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገለበጥኩት።

በማግስቱ ጎረቤትዎ ማስታወሻውን አሳዪኝ አሉኝ። ዋናው ከተቆጣጣሪው ዘንድ ስለነበር ረቂቁን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። ደወሉ ያለበት ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው እንዲህ አሉኝ፦

"ጆሮዬ እንደደከመ አውቃለሁ። ደወሉን ግን የምሰማ መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ ረቂቁን መለሱልኝና "ጥሩ ጽፈሻል፣ የጨመርሽው የለም" አሉ። ምነው በሰደቡኝ።

አሁን ውሳኔ እስኪመጣ ተብሎ መጻሕፍት መጋዘን አስገብተዋቸዋል፤ የተገነጠሉ መጻሕፍት ያጣብቃሉ። ተቆጣጣሪውን ማስታወሻዬን ይመልሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም ማዘናቸው ያስታውቃል፤ ፋይል ውስጥ ገብቷል አሉኝ።

ጋሼ፣ ሰዓቱን ይተዉት። እዚያ አገር ጆሮ ላይ የሚደረግ መስሚያ አለ ይባላል። እሱን ይላኩልን። ከውሳኔው በፊት ከደረሰ ምናልባት ይተዉአቸው ይሆናል።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት ፳፰ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺና ለእናትሽ ይሁን። በራስሽ አትፍረጂ። ሁሉን ጻፊ፣ ምንም አታስቀሪ ያልኩሽ እኔው ነኝ።

መስሚያውን ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር የለም። ቢቸግረኝ የሆስፒታላችንን የጆሮ ሐኪም ኮሪደር ላይ፣ የአንሶላ ጋሪዬን እንደያዝኩ አስቆምኩት። ደግ ሰው ነው፣ ቆሞ አዳመጠኝ። የመስሚያው ዓይነት በሰውዬው ጆሮ ልክ ነው የሚሠራው፣ ሳይመረመር ቢላክ ጩኸት ብቻ ይሆንበታል፣ ያምጧትና እንያት አለኝ። እኔ ራሴ መቼ በደንብ መጣሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ ገና በዚህ አገር መንግሥት እጅ ነው፤ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ ካልወጣሁ ደግሞ እጅ እግሬን ታስሬ ቁጭ ማለት ነው። ሐኪሙን አመስግኜ ጋሪዬን ገፋሁ።

በእነዚህ ቀናት የማስበው ሌላ ነገር ነው። ያ ግድግዳ። ስንት ጠዋት አንኳኳሁ፣ እሷ እዚያ ማዶ ቆማ ነበር፣ አልተሰማትም። እኔ እዚህ ድረስ ይዤው የመጣሁት ኩርፊያ ለካ ባለቤት አልነበረውም። አልቅሼ አላውቅም፤ ዘንድሮ ግን በማሽኑ ጩኸት ውስጥ ማንም አይሰማኝምና አለቀስኩ።

ለሷ ከጥር ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩላት፣ መልስ የለም። ሦስተኛውን በዚህ ውስጥ አጥፌዋለሁ፤ በእጅሽ ስጪያት። ስለ ግድግዳው ነው። ሰዓቱን ወደ አገር የሚገባ ሰው አግኝቼ ልኬልሻለሁ፤ እሱ እንኳ ይድረስሽ።

አጎትሽ


ግንቦት ፬ ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናዎን ያብዛልዎ። ሰዓቱ ደርሶኛል፣ እጄ ላይ ነው፣ በጣም ያምራል። ፈጣሪ ዋጋዎን ይክፈልዎ።

ውሳኔው መጥቷል። ጎረቤትዎ የትምህርት ዘመኑ ሲያበቃ የጡረታ ጊዜያቸው ሳይደርስ በሕመም ምክንያት ይሰናበታሉ። እኔ አሁን በዚያው ክፍል ከአዲሱ መምህር ጋር ነኝ። አዲሱ መምህር መጥፎ ሰው አይደሉም። ልጆቹ ከመናገራቸው በፊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ የሚያሾፉባቸው መስሏቸው ከለከሏቸው። ደወል ሲደወልም "እኔ ሳልል መጽሐፍ የዘጋ ወዮለት" አሏቸው። ልጆቹ እሺ ብለዋል። የክፍል አለቃዋ በዕረፍት ሰዓት ወንበሬ ድረስ መጥታ "ቲቸር፣ ለሚመጡት ልጆች ምን ብለን እንንገራቸው?" አለችኝ።

ደብዳቤዎን ይዤ መጋዘን ሄድኩ። እንዳያስደነግጣቸው በሩ ላይ ቆሜ እስኪያዩኝ ጠበቅሁ። የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ ወዲያው አወቁት፤ የቀደሙትን ሁለቱንም አንብበዋቸዋል፣ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ምን ብዬ ልመልስለት አሉኝ። ሙጫ የነካውን እጃቸውን ጠራርገው ይሄኛውን ከፈቱት። ቆመው ነበር የጀመሩት፣ መሐል ላይ ተቀመጡ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ አሁን አሁን እንደሚያደርጉት ድምፃቸው ከሚያስፈልገው በላይ ጎልቶ፣

"እኔ ደግሞ ማንኳኳቱን የተወው እሱ መስሎኝ ነበር" አሉ።

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ አንሥተው ማጣበቅ ጀመሩ። ለእርስዎ የምጽፈው መልስ ይኖራቸው እንደሆነ በእጄ ምልክት ጠየቅኋቸው፤ እንደሌለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጣሁ።

ጋሼ፣ የሚያጽናናዎ ነገር ፈልጌ ነበር። ከዚህ ሌላ ግን ያየሁትም የሰማሁትም የለም።

የእህትዎ ልጅ